የራሱን ጥፋት መስማት የሚችል የአገር ፍቅር

አገሬን እወዳለሁ የማይል ብሔርተኛ የለም። ጥያቄውን አስቸጋሪ የሚያደርገውም ይኸው ነው። አገር ወዳዱም ብሔርተኛውም አንድ ባንዲራ ይይዛሉ፣ አንድ መዝሙር ይዘምራሉ፣ ለአገር እንሙት ይላሉ፤ ሁለቱም ቃላቸውን ጠብቀው ሲሞቱ ታይተዋል። ብሔርተኛ ነኝ ብሎ ራሱን የሚከስ ደግሞ አይገኝም፤ ብሔርተኛ ምንጊዜም ማዶ ያለው ነው። ስለዚህ ልዩነቱን በመፈክርና በስሜት ሙቀት የምንለካ ከሆነ የትም አንደርስም።

እዚህ ላይ ብሔርተኝነት ስል በብሔር የተደራጀውን ፖለቲካ ብቻ ማለቴ አይደለም። በመላው አገር ስም የሚምለውም፣ በአንድ ብሔር ስም የሚምለውም፣ የአንድነት ኃይል ነኝ የሚለውም፣ ነጻ አውጪ ነኝ የሚለውም እኩል ይፈተሻሉ። የውጭውን ታሪክ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ትቼዋለሁ፤ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እለዋለሁ።

ልዩነቱን አጥርተው ለመጻፍ ከሞከሩት መካከል ስሙ ቀድሞ የሚነሳው እንግሊዛዊው ጆርጅ ኦርዌል ነው። በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ አገር ወዳዱ ቦታውንና አኗኗሩን ይወዳል፣ ሌላው ላይ ልጫነው ግን አይልም፤ ብሔርተኛው በአንጻሩ ለወገኑ የበላይነትን ይሻል ይላል። በአጭሩ አንዱ ይከላከላል፣ ሌላው ያጠቃል። ይህ መለኪያ ብዙ ቦታ ይጠቀሳል፤ ብዙ ቦታም አይሠራም። እያጠቃሁ ነኝ ብሎ የሚዘምት ጦር የለምና። ሙሶሊኒ እንኳ በ1935 ሲዘምትብን ቀደም ባለው ዓመት ወልወል ላይ የተተነኮስኩት እኔ ነኝ ሲል ነበር። ዛሬም በየትኛውም ጦርነት ሁለቱንም ወገኖች ብትጠይቋቸው ሁለቱም ተከላካይ ናቸው። ኦርዌል በዚያው ጽሑፍ ውስጥ የጣለው ሌላ ሐሳብ ግን ከዋናው ትርጓሜው ይበልጥብኛል፦ ብሔርተኛ የራሱ ወገን የፈጸመውን ግፍ አለመኮነኑ ብቻ ሳይሆን፣ ጭራሽ ሳይሰማው የመኖር አስደናቂ ችሎታ አለው። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

ቶልስቶይ ይህን ሁሉ መለያየት አይቀበልም። በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ በተከታታይ በጻፋቸው ጽሑፎች ደግ የአገር ፍቅርና ክፉ የአገር ፍቅር ብሎ መክፈል ራስን ማታለል ነው ይላል፤ የራስን ሕዝብ ጥቅም ከሌላው ማስቀደም በራሱ የጦርነት ዘር ነው፤ መንግሥታትም ስሜቱን እያሞቁ ድሃውን ግንባር ይነዱበታል። በሰፊው አገር ቆሞ የራሱን ንጉሥ ጦር የተቃወመ ሰው ነውና ሐሳቡ ይከበራል። ነገር ግን አገሩ የተወረረበት ገበሬ ምን ያድርግ ሲባል የቶልስቶይ መልስ ጦር አለማንሳት ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ የተሰለፈው ሕዝብ ይህን መልስ አልተቀበለም፤ እኔም ከእሱ ጋር ነኝ።

የአገር ፍቅርን ከሥሩ ለመከላከል የሞከረው ፈላስፋው አላስዴር ማኪንታየር ነው። በ1984 ባቀረበው ንግግር ሰው ክፉና ደጉን የሚማረው በአየር ላይ አይደለም፣ ከአንድ ማኅበረሰብ ነው፤ ስለዚህ ለዚያ ማኅበረሰብ መታመን የሥነ ምግባሩ ሥር ነው ሲል ይሞግታል። ይህ አደገኛ መንገድ እንደሆነም ያውቃል፤ አንድ ነገር ያለ ቅድመ ሁኔታ ይወደድ ካልን ጥፋቱን ማን ይናገረዋል? ለዚህም አንድ በር ይከፍታል፦ አገሩን የሚወድ ሰው ስለ አገሩ ሲል ገዢዎቿን ሊቃወም ይችላል። ምሳሌ ያደረገውም በሂትለር ላይ በተጠነሰሰው ሴራ ተሳትፎ በነሐሴ 1944 የተሰቀለውን ጀርመናዊ ዲፕሎማት አዳም ፎን ትሮትን ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ጀርመኖች ራሳቸው ሌላ መውጫ ፈለጉ። ዶልፍ ሽተርንበርገር በ1979፣ ከዚያም ይበልጥ በሚሰማ ድምፅ ዩርገን ሃበርማስ፣ በደምና በአፈር ፋንታ ሕገ መንግሥቱን እንውደድ አሉ። ጣሊያናዊው ማውሪትሲዮ ቪሮሊ በ1995 መጽሐፉ ይህን ጥቂት ሥጋ ያለብሰዋል፤ የሚወደደው ባዶ ሕግ ሳይሆን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሕዝብ ትዝታ ውስጥ የኖረ የጋራ ነጻነት ነው ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው። እኛ አገር ግን የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ራሱ የክርክሩ ማዕከል ስለሆነ፣ ሕገ መንግሥቱን እንውደድና እንስማማ ማለት ጥያቄውን ወደ መነሻው መመለስ ይሆናል።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎችም ሞክረውታል። ኮስተርማንና ፌሽባክ በ1989 አሜሪካውያንን በመጠይቅ መርምረው አገርን መውደድና አገሬ ከሌሎች ትበልጣለች፣ ልትገዛም ይገባል ማለት የተለያዩ ስሜቶች ሆነው አገኟቸው፤ ሙሉ በሙሉ የተላቀቁ ግን አልነበሩም። ለእኔ ይበልጥ የሚጠቅመው ከአሥር ዓመት በኋላ ሻትስ፣ ስቶብና ላቪን ያሳተሙት ነው። ከሦስቱ አንዱ ኧርቪን ስቶብ በልጅነቱ ከናዚዎች እልቂት የተረፈ የሃንጋሪ አይሁዳዊ ነው፤ ዕድሜውን የሰጠውም ሰዎች በጎረቤቶቻቸው ላይ ለምን እንደሚነሱ ለማወቅ ነው። እነሱ ዕውር የአገር ፍቅርንና አራሚ የአገር ፍቅርን ለዩ፤ ሁለተኛው ያላቸው ሰዎች ስለ አገራቸው ጉዳይ ይበልጥ ያነባሉ፣ ይበልጥ ይጠይቃሉ፣ በፖለቲካውም ይበልጥ ይሳተፋሉ።

ከዚህ ሁሉ ተነስቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ሁለቱን የሚለያቸው ወገናቸው ሲበደል የሚያደርጉት አይደለም፤ ያኔ ሁለቱም ይቆጣሉ። የሚለያዩት ወገናቸው ሲበድል ነው። ያን ጊዜ አገር ወዳዱ ያመዋል፣ ግን ይሰማል፤ ብሔርተኛው አይሰማም፣ ከሰማም ሐሰት ነው ይላል፣ እውነት መሆኑ ከተረጋገጠም ለአገር ይጠቅማልና ደግ አደረጉ ይላል።

ይህ ሦስተኛው ደረጃ የተጋነነ ለሚመስለው አንባቢ የፈረንሳዩን የድሬይፉስ ጉዳይ በቅርብ ማየት ይበቃል። አልፍሬድ ድሬይፉስ አይሁዳዊ የጦር ካፒቴን ነበር። በ1894 መጨረሻ ለጀርመን ሰልሏል ተብሎ ተፈረደበት፤ በቀጣዩ ጃንዋሪ በሰልፍ ፊት ማዕረጉ ተገፎ፣ ሰይፉ ተሰብሮ በደቡብ አሜሪካ ጠረፍ ወዳለችው የሰይጣን ደሴት ተጋዘ። በ1896 የጦሩን የስለላ ክፍል የሚመራው ኮሎኔል ፒካር ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ ሰላዩ ድሬይፉስ ሳይሆን ኤስተራዚ የሚባል ሌላ መኮንን መሆኑን ደረሰበት። ፒካር አይሁዶችን የሚወድ ሰው አልነበረም፤ የዘመኑ መኮንኖች ጥላቻ እሱንም ይዞታል። የሚወደው ጦሩንና አገሩን ነው። አለቆቹ ነገሩን እንዲተው ሲነግሩት ግን ይህን ምሥጢር ይዞ መቃብር እንደማይወርድ አሳወቃቸው። ወደ ቱኒዚያ አራቁት፤ ቆይቶም ታሰረ።

በዚያው ቢሮ የነበረው መኮንን አንሪ ሌላውን መንገድ መረጠ። የድሬይፉስን ጥፋተኝነት የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ስላልነበረ ራሱ ሠራው። በጁላይ 1898 የጦር ሚኒስትሩ ካቬኛክ ያንኑ ደብዳቤ በምክር ቤት አነበበው፤ ምክር ቤቱም ንግግሩ በመላው ፈረንሳይ በየማዘጋጃ ቤቱ እንዲለጠፍ ወሰነ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ኪዊኜ የሚባል ካፒቴን ሰነዱን ማታ በመብራት ሲመረምር የወረቀቱ መስመሮች ቀለም እንደማይገጥም አየ፤ ራስጌውና ግርጌው ላይ ያለው መስመር አንድ ቀለም፣ መሐሉ ላይ ያለው ሌላ ቀለም ነው። ከሁለት ወረቀት ተቆርጦ የተለጠፈ ነበር። ካፒቴኑ ራሱ ድሬይፉስ ጥፋተኛ ነው ከሚሉት ወገን ነው፤ ያየውን ግን ለአለቃው ተናገረ። አንሪ ኦገስት 30 ተጠይቆ አመነ፤ በማግስቱ በታሰረበት ክፍል አንገቱን በምላጭ ቆርጦ ሞቶ ተገኘ።

ሐሰቱ ተጋልጧል፤ አድራጊው አምኗል። ጉዳዩ እዚህ ያበቃል ብሎ የሚያስብ ሰው ብሔርተኝነትን አያውቀውም። ሻርል ሞራስ የተባለው ወጣት ጸሐፊ አንሪ ለአገሩ ሲል የሞተ ጀግና ነው፣ የሠራው ሐሰትም ከጦር ሜዳ ጀብዱ የሚቆጠር ነው ብሎ ጻፈ። አንድ ጋዜጣ ለአንሪ ሚስት መዋጮ ከፍቶ ከ100 ሺህ ፍራንክ በላይ ሰበሰበ። ራሳቸውን ብሔርተኛ ብለው የሚጠሩ ፈረንሳዮች አንድ ላይ የቆሙት በዚህ ጉዳይ ነው። የጦሩን ክብር የሚያዋርደው ንጹሕ ሰው ደሴት ላይ መበስበሱ ሳይሆን መታወቁ ነው የሚል እምነት ነበራቸው። ድሬይፉስ በ1906 ከክሱ ነጻ ተባለ፤ ፒካር በዚያው ዓመት የጦር ሚኒስትር ሆነ። የፈረንሳይ ጦርም አልፈረሰም።

ሌላው ምሳሌዬ ከእኛው አደባባይ ይጀምራል። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት የሠሩት የዩጎዝላቪያ ቀራጮች ናቸው፤ የማርሻል ቲቶ አገር ስጦታ ነበር። ያቺ አገር ዛሬ የለችም፤ ልጆቿ በብሔር ስም ተፋጅተው ፈርሳለች። በዚያ እልቂት መካከል የዮቫን ዲቭያክ ነገር ዛሬም ያስደንቀኛል። ቤልግሬድ የተወለደ ሰርብ፣ የዩጎዝላቪያ ጦር መኮንን ነበር። በ1992 የሰርብ ኃይሎች ሳራዬቮን ሲከቡ የኖረባትን ከተማ ትቶ አልሄደም፤ የቦስኒያ ጦር ጄኔራል ሆኖ ተከላከላት። ይህ ብቻ ቢሆን ወገን ቀየረ ይባል ነበር። ነገር ግን ከተማዋ ውስጥ የቀሩ ሰርቦችን የራሱ ጦር አዛዦች እየወሰዱ እንደሚገድሉ ሲያውቅ፣ ከበባው ሳይነሳ፣ ጥይቱ ሳይቆም፣ ለፕሬዚዳንቱ ጻፈ። ጊዜው አይደለም የሚሉት ብዙዎች ነበሩ። ለሰርብ ብሔርተኞች ከሃዲ ነው፤ ሰርቢያ ባወጣችበት ማዘዣ በ2011 ቪየና ላይ ተይዞ ከወራት በኋላ ተለቀቀ። በከበባው ዘመን የመሠረተው የትምህርት ማኅበር የጦርነት ወላጅ አልባ ልጆችን ያስተምር ነበር።

የእኛን ቁስል በቀጥታ የሚነካው የጣሊያኖች ክርክር ነው። ጣሊያን መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ስምምነት ከፈረሙት አንዷ ናት። ከ1935 መጨረሻ ጀምሮ ግን አውሮፕላኖቿ በሠራዊታችንና በገበሬው ላይ የሰናፍጭ ጋዝ አዘነቡ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በሰኔ 1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ ለዓለም ተናገሩ። በጣሊያን ግን ለአሥርተ ዓመታት ወታደሮቻችን ደጎች ነበሩ፣ ጋዝ የሚባል አልነበረም የሚለው ወሬ ነገሠ። አንጄሎ ዴል ቦካ በወጣትነቱ ፋሺስቶችን የተዋጋ ጋዜጠኛና ታሪክ ጸሐፊ ነበር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ማኅደር ለማኅደር እየዞረ፣ ሙሶሊኒ ጋዝ እንዲጣል የፈቀደባቸውን ቴሌግራሞች ሳይቀር አደባባይ አወጣ። የአገር ጠላት ተባለ። ዋና ተከራካሪው በጦርነቱ በፈቃዱ ዘምቶ ኤርትራውያን አስካሪዎችን (በቅኝ ገዢው ጦር ያገለገሉ ወታደሮችን) ያዘዘው ዝነኛው ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊ ነበር፤ እዚያ ነበርኩ፣ ጋዝ አላየሁም ይል ነበር። በ1996 የጣሊያን መከላከያ ሚኒስትር ጋዙ መጣሉን በይፋ አመነ፤ ሞንታኔሊም መሳሳቱን ተቀበለ።

ዴል ቦካ ጣሊያንን ይጠላ ነበር ብሎ ማሰብ አይቻልም፤ የሚጠላትን አገር ታሪክ ዕድሜ ልኩን አይጽፍም ነበር። በ2012 ግን አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ ለፋሺስቱ ጄኔራል ለግራዚያኒ መታሰቢያ ቆመ። ከአንድ አገር፣ ከአንድ ታሪክ፣ ሁለቱም ወጡ። ያ መታሰቢያ ሲቆም በአገር ቤትም በአውሮፓም ያለን ኢትዮጵያውያን በቁጣ ተነሳን፤ ልክ ነበርን።

ሚዛኑን ወደ ራሳችን ማዞር የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አድዋ ላይ ከጣሊያን ጋር ተሰልፈው ከተማረኩት ኤርትራውያን አስካሪዎች መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩት ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ። የተማረኩት ጣሊያኖች ተቀልበው፣ ከአዲስ አበባው ውል በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ቅጣቱ አገራቸውን የከዱ ሰዎች ቅጣት ተደርጎ የተወሰደ ነው፤ በዘመኑም ይህ ዓይነት ቅጣት ያልተለመደ አልነበረም። ይህን ሁሉ ማስረዳት ይቻላል፤ መደበቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በየካቲት 23 ይህን የሚያነሳ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን፤ በዓል አበላሽ፣ ባሰ ሲልም ባንዳ። እኔ አድዋን እንደ ማንም እወዳለሁ። ድሉ የጥቁር ሕዝብ ሁሉ ኩራት ነው፤ ይህም ታሪክ ተነግሮ ኩራቱ አንድ ስንዝር አይቀንስም። የሚቀንስ የሚመስለው የድሉ ትልቅነት እኛ ምንም አለመበደላችን ላይ የቆመ ለመሰለው ሰው ነው።

እንዲህ ማሰብ ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ከአድዋ አጠገብ የተወለዱት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1912 ታትሞ በወጣው አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሥታቱንና መኳንንቱን አንድ በአንድ ሲመዝኑ፣ ታሪክ የሚጽፍ ሰው ለማንም የማያዳላ ልብ እንዲኖረው አጥብቀው ይጠይቃሉ። ጽሑፉ የተጻፈው ለመዝለፍ አይደለም፤ አገራቸው እንደ ጃፓን ነቅታ ማየት የሚናፍቁ ሰው ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው በ1929 ዓ.ም. ተማርከው በጣሊያን ደሴቶች ላይ ዓመታት ታስረዋል። አገራቸውን ስለመውደዳቸው ከዚህ በላይ ማስረጃ የሚጠይቃቸው የለም። እኒሁ ሰው በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር የነጻዋን አገር ባላባቶችና የገበሬውን መከራ እንደዚያ ገልጠው ጻፉ። ስለ አገሩ የታሰረ ሰው የአገሩን በደል መጻፍ መብቱ ብቻ ሳይሆን የዚያው ፍቅር ሥራ ነው።

ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን በተካሄደው ጦርነት ያየነው ግን ሌላ ነው። በመጀመሪያው ወር ማይካድራ ላይም አክሱም ላይም ሰላማዊ ሰዎች በጅምላ ተገደሉ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብቶች ቢሮና የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በአውሮፓውያኑ 2021 ባወጡት የጋራ ሪፖርት ሁለቱም አሉ። የሁለቱን ስም በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ መጥራት ግን ከሁለቱም ወገን ስድብ ያመጣ ነበር። የአንዱን ከተማ ሟቾች በቀንና በሰዓት የሚቆጥር የተማረ ሰው ስለ ሌላው ሲጠየቅ ማን ነው የዘገበው፣ መጀመሪያ ይጣራ ይላል። የሚገርመው ያ ሰው ውሸታም አለመሆኑ ነው። ስለ ራሱ ሟቾች የሚያለቅሰው ከልቡ ነው። ኦርዌል የተናገረው አለመስማት ይህ ነው፤ ጆሮው ጤነኛ ነው፣ የማይሰማው የአንደኛውን ወገን ሬሳ ብቻ ነው።

ውጭ አገር ያለነው ከዚህ ነጻ አልነበርንም። በዋሽንግተንም በለንደንም በተቃራኒ ባንዲራዎች ሰልፍ ወጥተናል። ቤኔዲክት አንደርሰን በ1992 ስለ ሩቅ አገር ብሔርተኝነት ሲናገር ይህን ሰው አስቀድሞ ያየው ይመስላል፤ ታክስ የማይከፍልበት፣ ልጁ የማይዘምትበት፣ የቃሉ ዋጋ በራሱ ላይ የማይደርስበት አገር ፖለቲካ ውስጥ የሚሳተፍ ሰው። እዚህም ፍትሐዊ መሆን አለብን፤ ይኸው ሰው በየወሩ ለዘመዶቹ ይልካል፣ ለተፈናቀሉት ያዋጣል። ፍቅሩና አለመስማቱ አንድ ደረት ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ ብሔርተኛን ከሩቅ እንደ ጭራቅ የሚስለው ይህን አያይም።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሳው ትልቁ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ኧርነስት ሬናን በ1882 ሶርቦን ላይ ባሰማው ንግግር፣ ሕዝብ የሚቆመው አብሮ በማስታወስ ብቻ ሳይሆን አብሮ በመርሳትም ነው፣ ስለዚህ የታሪክ ምርምር ለአገር አደጋ የሚሆንበት ጊዜ አለ ብሏል። የእኛ ሽማግሌዎችም ገመናን መሸፈን ያውቃሉ፤ የቤትን ነገር አደባባይ የሚያወጣ ሰው ቤቱን አይወድም ይባላል። ይህን ክርክር አልንቀውም። ነገር ግን ሬናን የሚለው መርሳት አብሮ መርሳት ነው፤ በዳዩ ረስቶ ተበዳዩ ካልረሳ የተረሳ ነገር የለም። የማይካድራ ልጅ አልረሳም፤ የአክሱም ልጅም አልረሳም። አስካሪዎቹም ቢሆኑ ወደየመንደራቸው ተመልሰው በቀራቸው እጅና እግር ኖረዋል፤ ኤርትራ ውስጥ ሲወራ ቆይቷል። ገመናው የተሸፈነው ከእኛ ነው እንጂ ከእነሱ አይደለም።

ይህን ባለማወቃችን የሚጎድልብን አንድ ነገርም አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የኤርትራ ተወላጆች ናቸው። ከአድዋ በኋላ አርባ ዓመት ነው፤ እጅ እግራቸው የተቆረጠውን ሰዎች ታሪክ በሚያውቅ አገር ያደጉ ናቸው። በኢትዮጵያ ላይ ቂም ለመያዝ ምክንያት አላጡም፤ ጣሊያንም ያንን ቂም ለማሞቅ አልሰነፈም ነበር። እኛ ግን ስለ አስካሪዎቹ ሳንነግር ስለ ሁለቱ ብቻ ለልጆቻችን ስንነግር፣ እነዚያ ሁለት ወጣቶች ምን ተሻግረው እንደመጡ ልጆቹ አያውቁም።